እሜት ጃርትና የቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች

ጆሯችሁን ካዋሳችሁኝ እኔም ተረቴን ልጀምር። ዱሩ ገና ሳይመነጠር፣ አራዊት ሁሉ በአንድ አንበሳ በሚገዙበት ዘመን፣ አራት ሙዚቀኞች ነበሩ። ጉሬዛና ሚዳቋ ቫዮሊን፣ ከርከሮ መሬት ላይ ቆሞ የሚመታውን ትልቁን ቼሎ፣ እሜት ጃርት ደግሞ ቪዮላ ይጫወቱ ነበር። ቪዮላ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ትላለች፣ ድምጿም ወፈር ይላል። በሌሎቹ መሀል ስለምትገባ አድማጩ መኖሯንም ልብ አይልም። እሜት ጃርት ግን ትወዳታለች።

አራቱ ዋርካ ሥር ሰባት ዓመት ተለማመዱ። በአንዲት ዜማ መግቢያ ብቻ ክረምቱን ሙሉ ተጨቃጨቁ።

"ቸኮልሽ" ይላታል ጉሬዛ።

"አንተ ነህ የዘገየኸው" ትለዋለች እሜት ጃርት።

ተኳርፈው ይለያዩና ጠዋት ተመልሰው ይገናኛሉ። የሚያዳምጧቸው ሁለት ኤሊዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ቶሎ መሄድ ስላልቻሉ ነው።

በስምንተኛው ዓመት ንጉሡ ዘንድ ተጠሩ። አንበሳ ከባድ ምሳ በልቶ ነበርና ያንን የደከሙበትን ዜማ ገና ሲጀምሩት እንቅልፍ ወሰደው። ሙዚቀኞቹ ደነገጡ። እልፍኝ አስከልካዩ ቀበሮ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አያችሁ? ንጉሣችን በሙዚቃው ተመስጠው ዐይናቸውን ጨፈኑ" አለ። መኳንንቱም ተራ በተራ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጅብማ የእሱ ተመስጦ ከሌላው እንደሚበልጥ እንዲታወቅለት አንኮራፋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች" ተባሉ፤ ካባም ለበሱ። በየጫካው ተጋበዙ። አድማጩ ሁሉ ትራሱን ታቅፎ ይመጣል፤ ጠንክሮ ያንኮራፋ ሙዚቃ አዋቂ ይባላል።

ሚዳቋ አርጅታ ስትሰናበት ሸንጎው ተሰብስቦ በቦታዋ የቀበሮን የእህት ልጅ መረጠ። እሱ ቫዮሊን አይችልም። ደጋኑን ክሩን ሳያስነካ አየር ላይ ያመላልሰዋል።

"ይሄ እኮ ምንም አይጫወትም" አለች እሜት ጃርት።

"አይረብሽም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?" አላት ጉሬዛ።

ከርከሮም ይህን አይቶ ክንዱን ማሳረፍ ጀመረ። ዓመት ሳይሞላ ጉሬዛ ራሱ ደጋኑን ከክሩ አራቀ። ሽልማቱ ግን በየወሩ ይጨምር ነበር።

አንድ የበዓል ቀን አዳራሹ ሞልቶ፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ፣ እሜት ጃርት ቪዮላዋን አየቻትና አሳዘነቻት። ዋርካ ሥር የተጨቃጨቁበትን ዜማ፣ የራሷን ድርሻ ብቻ፣ ከልቧ ተጫወተችው። ወፍራሙ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። አንበሳ ዐይኑን ገለጠ። ደረቱ ውስጥ የማያውቀው ነገር ተላወሰበት፤ አልወደደውም።

"ይቺ ማናት?" ሲል ጠየቀ።

"ሙዚቃውን የምትረብሽ አንዲት ጃርት ናት፣ ንጉሥ ሆይ" አለ ቀበሮ።

ካባዋን ገፈው አስወጧት። ጉሬዛ እስከ በሩ ሸኛትና፣ "ምን ነካሽ? ሃያ ዓመት ሙሉ ተከብረሽ ኖረሽ" አላት።

"ልክ ነህ፣ ተከብሬ ኖሬያለሁ" አለች እሜት ጃርት ቪዮላዋን ታቅፋ። "የተሰማሁት ግን ዛሬ ነው።"