የማን ምራቅ ነው?

(የጤና ጣቢያ መቆያ ክፍል፣ ማለዳ ላይ። ግድግዳው ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከፊት ለፊት ነርሷ የምትቀመጥበት ባለመስታወት መስኮት አለ። ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የልብስ ስፌት ሱቅ አላቸው፤ እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። ከልጅነት እስከ ሽበት እንዲሁ ነው የኖሩት። ሚስትየዋ በእጇ አውራ ጣት የምታህል፣ ክዳን ያላት ባዶ ብልቃጥ ይዛለች።)

ቆራጩ፦ ከረሜላ በልተሻል!

ሰፊዋ፦ አልበላሁም አልኩህ እኮ።

ቆራጩ፦ ታዲያ አፍሽ ምን ያላምጣል?

ሰፊዋ፦ ምራቅ እየፈለገ ነው።

ቆራጩ፦ ነርሷ «ከምርመራው በፊት ምግብ የለም፣ ማስቲካ የለም፣ ከረሜላ የለም» ብላለች። የለም ማለት የለም ነው!

ሰፊዋ፦ እሷ ስትነግረኝ የሰማነው ሁለታችን ነበርን። አንተ ስትነግረኝ ግን ክፍሉ በሙሉ ሰማ። ኧረ ቀስ በል፣ ሰው ያየናል።

ቆራጩ፦ ለአንቺው ብዬ ነው! መርሳትሽ በዛ። ባለፈው የዚያ የሙሽራ ኮት ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆኖ አልተገኘም?

ሰፊዋ፦ እኔ እንጃ፣ ጠረጴዛው ላይ እንዲያ ሆኖ ነው የጠበቀኝ።

ቆራጩ፦ ይኸው! ሰበብ ፍለጋ ራሱ አንዱ ምልክት ነው።

ሰፊዋ፦ የምን ምልክት?

ቆራጩ፦ የመርሳት በሽታ ነዋ! ለዚህ አይደል እንዴ የመጣነው?

ሰፊዋ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የሚረሳው ጭንቅላቴ፣ የሚመረመረው አፌ። ኮት ለማሰፋት የመጣን ሰው እግሩን እንደመለካት አይሆንም?

ቆራጩ፦ (የኮቱን ኮሌታ እየጎተተ) አይ አንቺ! አንጎል የት ነው? ላይ። አፍ የት ነው? ታች። ጣሪያ ሲያፈስ የሚያሳብቀው ወለሉ ነው። በቃ፣ ሳይንሱ ይኼው ነው።

ሰፊዋ፦ ነርሷ እንኳ እንዲያ አላለችም። «ነገሩ ገና ጥናት ላይ ነው፤ ምራቅ ውስጥ አንዳንድ ምልክት እንፈልጋለን፤ ምራቅ ብቻውን አይፈርድም፣ ሌላም ምርመራ ይከተለዋል፤ ግን በጊዜ የተደረሰበት ይሻላል» ነው ያለችው።

ቆራጩ፦ እኔም ያልኩት እሱኑ ነው፣ አሳጥሬ።

ሰፊዋ፦ እሺ። ምልክቱ ቢገኝብኝስ?

ቆራጩ፦ ያው... መርፌና ክር ትተዪያለሽ። ልጃችን ቤት ትገቢና ትጦርሻለች።

ሰፊዋ፦ አንተስ?

ቆራጩ፦ እኔ ሱቁን ይዤ እቆያለሁ።

ሰፊዋ፦ ብቻህን?

ቆራጩ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) እየመጣሁ እጠይቅሻለሁ እንጂ።

ሰፊዋ፦ በየት በኩል ነው የምትመጣው?

ቆራጩ፦ ምን ማለትሽ ነው? በዚያ... ዳቦ ቤቱን አልፈሽ... አይ፣ ዳቦ ቤቱ ሳይደረስ... መንገዱን አድሰውት ነው እንጂ እኔ ይጠፋኛል!

ሰፊዋ፦ (ትክ ብላ እያየችው) አዎ። አድሰውታል።

ቆራጩ፦ በይ አሁን ወሬውን ተዪና ብልቃጡን ሙዪ።

ሰፊዋ፦ (ብልቃጡን ከንፈሯ ላይ ደቅና ትቆይና) እምቢ አለኝ። ከድንጋጤ ነው መሰለኝ፣ ድርቅ አለ።

ቆራጩ፦ ሎሚ አስቢ።

ሰፊዋ፦ አሰብኩ።

ቆራጩ፦ እና? ምን መጣልሽ?

ሰፊዋ፦ ዘንድሮ ሎሚ መወደዱ።

ቆራጩ፦ ዋጋውን ማን ጠየቀሽ! ሎሚውን ነው እንጂ! ቢላው ስርጉድ ሲል... ጭማቂው በጣቶችሽ መካከል ቁልቁል ሲወርድ... ከላዩ ላይ ቆንጠር አድርገሽ ጨው ጣል ስታደርጊበት... (ይውጣል)

ሰፊዋ፦ ወይ ጉድ! አንተ ውጠህ ልትጨርሰው ነው።

ቆራጩ፦ እኔ ድሮም ምራቄን የዋጥኩ ሰው ነኝ!

ሰፊዋ፦ ዛሬን እንኳ ባትውጠው። እንዲያ ከሚባክን... (ብልቃጧን ወደሱ ታስጠጋለች) ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው ይሉ የለ? ወይስ ለምራቅ አይሠራም?

ቆራጩ፦ (ቅንድቡን አንስቶ) ቆይ፣ ቆይ! ይኼን ሁሉ ዘመን አንድ ማዕድ በልተን፣ አንድ ውሃ ጠጥተን... ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ሁለት ባልዲ ማለት እኮ ነን!

ሰፊዋ፦ እና ይቆጠራል?

ቆራጩ፦ እንዴታ! እንዲያውም የእኔ ጤነኛ ስለሆነ ይጠቅምሻል። አምጪው። ዞር ብለሽ ከልዪኝ።

(ሚስትየዋ ነጠላዋን ዘርግታ ትከልለዋለች። ባልየው አቀርቅሮ ሥራውን ይጀምራል።)

ሰፊዋ፦ አረፋው አይቆጠርም ብላለች። እስከ መስመሩ ድረስ።

ቆራጩ፦ እምም! እምም!

ሰፊዋ፦ አትናገር፣ ሙላ። ዝም ያልክበትን ቀን በዓይኔ ለማየት በቃሁ።

ቆራጩ፦ (ቀና ብሎ አፉን እየጠረገ) ይኸውልሽ! ጥርት ያለ። እዚህ ውስጥ ምንም አይገኝም። ሂጂና በስምሽ ስጪ።

ሰፊዋ፦ በስሜ አይሆንም።

ቆራጩ፦ ለምን?

ሰፊዋ፦ የተመዘገብከው አንተ ነሃ። ባለፈው ገበያ ወጣሁ ብዬህ እዚህ መጥቼ ያንተን ስም ሰጠሁ።

(ባልየው ብልቃጧን ያያል። ሚስቱን ያያል። መልሶ ብልቃጧን ያያል።)

ቆራጩ፦ አታለልሽኝ።

ሰፊዋ፦ አዎ። «እንሂድና ተመርመር» ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? «ከእኔ ይልቅ ያንቺ ጭንቅላት ይብሳል» አልከኝ። እሺ፣ የእኔ ይባስ ብዬ መጣሁልህ።

ቆራጩ፦ የእጅጌው ነገርስ?

ሰፊዋ፦ መቀሱ በማን እጅ ነው የሚውለው?

(ባልየው ቀኝ እጁን ገልብጦ ያየዋል።)

ቆራጩ፦ ሙሽራው ግን ደስ ብሎት ነው የሄደው።

ሰፊዋ፦ አንተ ምሳ ስትወጣ ከተረፈው ጨርቅ የቀኙን አወጣሁለት። መንገዱንም ማንም አላደሰውም፣ የኔ ጌታ። ያው የድሮው ነው።

ቆራጩ፦ (ዝግ ብሎ) ይኼን ብደፋውስ?

ሰፊዋ፦ ምራቁ ያንተ ነው። ከደፋኸው ተነስተን ወደ ሱቃችን እንሄዳለን። አልቆጣህም።

ቆራጩ፦ ቢገኝብኝ ግን... ልጅቷ ጋ ትልኪኛለሽ?

ሰፊዋ፦ አንተ ነህ እኔን ስትልክ የነበርከው! እኔ የትም አልክህም። አንተ በጠመኔ ታሰምራለህ፣ እኔ አያለሁ፣ ከዚያ ትቆርጣለህ።

ቆራጩ፦ ባይገኝብኝስ?

ሰፊዋ፦ ያን ጊዜ ነው የእኔ መከራ! እንዲህ ሆነህ ደህና ነህ ማለት ነው።

(ባልየው ሳይወድ በግዱ ሳቅ ያመልጠዋል። ይነሳል፣ ብልቃጧን በመሐረብ ይወለውላታል፣ እንደ እንቁላል አቅፏት ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ከነርሷ ጋር ብዙ ያወራል። ሲመለስ በእጁ ሌላ ባዶ ብልቃጥ አለ።)

ሰፊዋ፦ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?

ቆራጩ፦ ያንቺ። ለምኜ አስመዘገብኩሽ።

ሰፊዋ፦ እኔ ደህና ነኝ እኮ!

ቆራጩ፦ እኔም ስል የኖርኩት እሱን ነው።

ሰፊዋ፦ (ትቀበለውና ትሞክራለች፤ ፊቷ ይለዋወጣል) ኧረ... አሁንስ የምሬን ነው። ምንም የለም።

ቆራጩ፦ (አጠገቧ ተቀምጦ ትከሻውን እያስጠጋ) አይዞሽ፣ እጠብቅሻለሁ። ብቻ ለምን እንደመጣን ከጠፋኝ ንገሪኝ።

ሰፊዋ፦ ለሁለታችንም ከጠፋንስ?

ቆራጩ፦ ምን ችግር አለ? አጠገቤ አንዲት ቆንጆ ሴት ተቀምጣለች። እንደ አዲስ አናግራታለሁ።

ሰፊዋ፦ (ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ እያፈነች) አንተ ሰውዬ ዞር በል! እንግዳ ሰው እያየኝ አልተፋም።