ባለጎማ ጫማ አድርጎ እጅ መንሣት

ታላቅ ሰው አይቶ ሳያጎነብስ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዲህ ያለውን ሰው ከሥሩ ጎማ በተደረደረበት መንሸራተቻ ጫማ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

አትላንታ ባሕር ስለሌላት፣ በሰመር፣ በሙቀቱ ወራት፣ ከአትላንታ ዳር ከምንኖርባት ከታከር የአምስት ሰዓት መንገድ ነድተን ወደ ባሕር ዳርቻ እንወርዳለን። ባለፈው ዓመት ልጄ ሣራ፣ "እማ፣ የማገባውን ሰው እዚያ አስተዋውቃችኋለሁ" አለችኝ። አባቷ ይህን ሲሰማ፣ "ሽማግሌ ያልላከ ሰው አላውቅም" ብሎ ፊቱን አጠቆረ። እኔ መጸለይ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ሣራ ያለችው ሰው፣ ዳዊት፣ በባሕሩ ዳር መንገድ እየተንሸራተተ ከሩቅ መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ያምርበት ነበር። ሌሎቹ ተንሸራታቾች እጃቸውን እያወዛወዙ ሰላም ይሉና ያልፋሉ። ግን ለአማት እጅ ማወዛወዝ ይበቃል? ለዳዊት አልበቃውም። እኛ ጋ ሊደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው አንገቱን ሰበር አድርጎ ከወገቡ አጎነበሰ። ጎማ ደግሞ አክብሮት አያውቅም፤ ጭራሽ ፈጠነ። ልጁ እንዳጎነበሰ መጥቶ ባለቤቴ እግር ሥር ወደቀና የባለቤቴን ሁለት ጉልበት አቀፈ።

"ሽማግሌ ሳይላክ ጉልበት ይያዛል እንዴ?" አለ ባለቤቴ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ማቆም አቅቶኝ ነው።"

"አሁን ቆመህ የለ? ልቀቀኛ።"

"ከለቀቅኩዎት እንደገና እሄዳለሁ፣ ጋሼ።"

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ በብብቱ ይዞ አነሣው።

"ሽማግሌዎቹ ግን" አለው፣ "በተራ ጫማ ይምጡ።"