የእማማ ብርኽቲ ደንብ

አዲስ አበባ ውስጥ ሕግ የሚያወጡ ሁለት አካላት አሉ፤ አንደኛው ፓርላማ ነው፣ ሁለተኛው ለተማሪ ቤት የሚያከራዩ እናቶች ናቸው። ፓርላማው ክረምት ላይ ያርፋል።

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያከራዩን ክብርት ወይዘሮ ብርኽቲ ግን ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቁም። ካዛንቺስ ኮሌጅ በምማርበት ጊዜ ከቤታቸው ጀርባ ካሉት የጭቃ ክፍሎች አንዷን እኔ፣ አንዷን የወራቤው ሸምሰዲን፣ አንዷን የነቀምቴዋ አያንቱ ይዘን ነበር።

"በዚህ ቤት ደንብ አለ!" ይላሉ በየማለዳው። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው። ካውያ የሰካ ወዮለት፤ እማማ ቆጣሪውን እንደ ሐኪም ያዳምጡታል። የክፍሌ ልጅ ማዕዛ አብራኝ ልታጠና የመጣች ቀን በርጩማቸውን ይዘው መጥተው መካከላችን ተቀመጡ። የምናጠናው አካውንቲንግ ነበር። ስንጨርስ፣ "እኔ ምንም አልገባኝም፤ እናንተም የገባችሁ አትመስሉም" አሉን።

ኪራይ መጨመሪያ ምክንያት ደግሞ አያጡም። አንዴ ነዳጅ ተወደደ ብለው ጨመሩብን።

"እማማ፣ ቤቱ መኪና ነው እንዴ?" አልኳቸው።

"ቤቱማ ቆሟል። ታክሲ የምሳፈረው እኔ ነኝ!"

ያም ሆኖ በሰፈሩ ከሳቸው የሚረክስ ኪራይ አልነበረም። ችግሩ ቤቱ የቀበሌ መሆኑ ነው፤ የቀበሌ ቤት ሲያከራይ የተገኘ ደግሞ ይነጠቃል።

የሁለተኛ ዓመት ፈተና ሲቃረብ ከቀበሌ አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ መጣ። ሦስታችንንም ግቢ ውስጥ አገኘን።

"እነዚህ እነማን ናቸው?"

"ልጆቼ" አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ወጣቱ ወደ ሸምሰዲን ዞረ። "ስምህ ማነው?"

"ሸምሰዲን።"

ወጣቱ በሩ ላይ የተለጠፈችውን የማርያም ሥዕል ቀና ብሎ አየ።

"ስም ያወጣለት አባቱ ነው" አሉ እማማ ፈጠን ብለው።

"አንቺስ?"

"አያንቱ።"

"የሷንም አባቷ ነው።"

"ለመሆኑ ስንት ባል ነበረዎት?"

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ጥያቄ መመሪያው ላይ አለ?"

ወጣቱ ሳቁን ዋጠ። "በሳምንቱ ተመልሼ አያለሁ። ተከራይ ካገኘሁ ግን ቤቱን ይለቃሉ" ብሎ ሄደ።

አያንቱ ወዲያው ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች። "እማማ፣ በኛ ምክንያት ቤትዎን አይነጠቁም። እንወጣለን።"

"የት? በፈተና ሰሞን? ላንቻ ያለውን ኪራይ ጠይቀሻል? ልጆቼ ናችሁ ካልኩ ልጆቼ ናችሁ፤ በቃ!"

የዚያኑ ዕለት ትልቁ ቤት አስገቡን፤ አያንቱን ከሳቸው ጋር አልጋ ላይ፣ እኔንና ሸምሰዲንን ሳሎን ፍራሽ ላይ። የወሩን ኪራይ ስንሰጣቸው፣ "ከልጆቼ ልቀበል?" ብለው ተቆጡ።

ወጣቱ እንዳለው ተመልሶ መጣ። አንድ ትሪ ከበን ሽሮ እየበላን፣ በቃሪያ እየተጣላን ነበር። ቆሞ አየን።

"ምን ትገተራለህ? ታጠብና ቅረብ" አሉት እማማ።

ቀረበ። አንዴ ጎረሰና፣ "ስትመሳሰሉ!" ብሎን ወጣ።

ፈተናው ባለቀ ማግስት እማማ ወደየክፍላችን መለሱን። "ልጅነት አበቃ!" ብለው ኪራይ ጨመሩብን። ምክንያቱ የሽሮ መወደድ ነው።

የግቢው ዋና ተከራካሪ ሸምሰዲን ነበር። አፉን ሲከፍት ጭቅጭቅ ጠበቅን።

"እሺ፣ እማዬ" አለ።

እማማ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጓዳ ገቡ።

ጭማሪውን ግን አልተዉልንም።