የባቡሩ መሸኛ ቀን

[ከናጎያ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ጣቢያ፣ ሁለት ባቡሮች ግራና ቀኝ ቆመዋል። ጡረተኛው ቶኩጂሮ ዕድሜ ልኩን ሥራ የተመላለሰበት ባቡር ዛሬ የመጨረሻ ጉዞውን ያደርጋል። ቶኩጂሮ አብሮት ሄዶ ሊሸኘው፣ የሚስቱን ታናሽ ወንድም ሄይሱኬን አስከትሎ፣ ከአንደኛው ባቡር ውስጥ ተቀምጧል።]

ሄይሱኬ፦ ቆይ ጋሼ፣ አሮጌ ነው ያልከኝ አዲስ?

ቶኩጂሮ፦ ስንቴ ልንገርህ! ከወገቡ በታች አሮጌ፣ ከወገቡ በላይ አዲስ! ያኔ ሲሠሩት የድሮ ባቡሮችን ፈታትተው፣ ሞተራቸውንና እግራቸውን አስቀርተው፣ ሌላ ገላ ጫኑበት።

ሄይሱኬ፦ እንደ እትዬ ሳዋኮ በለኛ! ጉልበቷን እያመማት ፀጉሯን ጥቁር ተቀብታ...

ቶኩጂሮ፦ ሚስቴን ከባቡር ጋር አታወዳድር!

ሄይሱኬ፦ እሺ፣ ጡረታ የሚወጣው የላዩ ነው የታቹ?

ቶኩጂሮ፦ ሁለቱም!

ሄይሱኬ፦ የላዩ አሳዘነኝ። በሰው እግር የተነሳ ያለ ዕድሜው!

ቶኩጂሮ፦ ኧረ ሩዝህን ብላና አፍህን ዝጋልኝ!

ሄይሱኬ፦ [የሩዝ ድቡልቡሉን እየገመጠ በመስኮት ያያል] ያ ሁሉ ካሜራ የያዘ ሰው ምነው የማዶውን ባቡር ከበበ?

ቶኩጂሮ፦ ምን ያውቃሉ እነሱ? አዲስ ነገር ሲያዩ መንጋጋት ነው።

ሄይሱኬ፦ አበባ አንጠልጥለውበታል።

ቶኩጂሮ፦ እንኳን ደህና መጣህ ሲሉት ነዋ!

ሄይሱኬ፦ አንዲት ሴትዮ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች ነው።

ቶኩጂሮ፦ ደስ ብሏት ነው! ይልቅ ይሄን ወንበር ዳብሰው። የስንት ዓመት ድካሜን ተሸክሟል መሰለህ!

ሄይሱኬ፦ [ዳብሶ] ላስቲኩ ገና አልተነሳለትም እኮ።

ቶኩጂሮ፦ በክብር ይዘውት ነዋ! አየህ አያያዝ!

[ረዥም ጥሩምባ ይነፋል። የማዶው ባቡር መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሕዝቡ "ደህና ሁን! ብዙ ደክመህልናል!" እያለ እጁን ያውለበልባል። ሄይሱኬም በመስኮት ያውለበልባል።]

ቶኩጂሮ፦ [ፊቱ አመድ መስሎ] ደህና ሁን? አዲስ ባቡር ደህና ሁን ይባላል እንዴ?

[ዘሎ ይወርዳል። ባቡሩ ጥግ ታጥፎ ይሰወራል። ቶኩጂሮ መሬት ላይ ዘጭ ይላል።]

ቶኩጂሮ፦ ሄደ! ባቡሬ ጥሎኝ ሄደ!

ሄይሱኬ፦ [ተከትሎት ወርዶ] ጋሼ፣ ዕድሜህን ሙሉ ተሳፍረህበት እንዴት መልኩ ይጠፋሃል?

ቶኩጂሮ፦ ጠዋት ተኝቼ፣ ማታ ተኝቼ ነበራ የምሄድበት! መቼ አይቼው አውቃለሁ?

ሄይሱኬ፦ [ጀርባውን እየደባበሰ] ውይ ጋሼ! በእንቅልፍ ልብህ አንድ ቀን ሳትሳሳት፣ ምን ቆርጦህ ነው ዛሬ የነቃኸው?