የጎደለችው ባ

[ዳንግላ፤ የመሳፍንት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ። ከአዘና የመጡት ገበሬ አያ ሽባባው የመሬት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ደብተሩ ላይ ስማቸው «ሽባው» ተብሎ አንዲት ባ ጎድላለች፤ መሬት ጽሕፈት ቤቱም «ይሄ የሌላ ሰው መሬት ነው» ብሎ መልሷቸዋል። እስከ ስድስት ሰዓት ማመልከቻ ካላስገቡ ቀጠሯቸው ያልፋል። አሁን አምስት ተኩል ሆኗል፤ መሳፍንት ግን አሥራ ስድስት ማመልከቻ ካልጻፍሁ ብሎ ገና ላፕቶፑን ይነካካል።]

ሽባባው፦ አንድ ማመልከቻ ነው ያልሁህ! አሥራ ስድስቱ ምን ሊሆነኝ ነው?

መሳፍንት፦ አያ ሽባባው፣ እርስዎ የሚያዩት ዛሬን ብቻ ነው። ዛሬ ባን ጣሉ፤ ነገ ሽን ቢጥሉስ? ከነገ ወዲያ ውን? ስምዎ በስንት ዓይነት ሊጎድል እንደሚችል ቆጥሬ፣ ለሁሉም ቀድሜ እጽፋለሁ። አልጎሪዝም አለኝ።

ሽባባው፦ አልጎርስም? ማን ጉረስ አለህና!

መሳፍንት፦ አልጎ-ሪዝም! የስሌት መንገድ ነው። ፊደሎቹ ተራቸውን ሳይለቁ፣ እያንዳንዱ ወይ ይቆያል ወይ ይወድቃል። ለአንድ ፊደል ሁለት፣ ለሁለት አራት፣ ለሦስት ስምንት፤ ለእርስዎ ለአራቱ አሥራ ስድስት። አለቀ!

ሽባባው፦ እስቲ ፊተኛዋን ባ ጣላት። ምን ቀረ?

መሳፍንት፦ ሽባው።

ሽባባው፦ መልሳት። አሁን ደግሞ ኋለኛዋን ጣል።

መሳፍንት፦ ሽ... ባው።

ሽባባው፦ ታዲያ አንዱን ሽባው ሁለት ጊዜ ልትጽፈው ነው?

መሳፍንት፦ አንደኛው የኋለኛዋ ባ የቀረችበት ነው፤ ሁለተኛው የፊተኛዋ። በሳይንስ ይለያያሉ!

ሽባባው፦ ባ ከባ በምን ትለያለች? ጆሮዋ ላይ ምልክት አላት?

[መሳፍንት ስክሪኑ ላይ ሁለቱን ባ እያስተያየ ያፈጥጣል።]

ሽባባው፦ እኔ አንዲት በግ በሁለት በር ብትገባ ሁለት በግ ገባ አልልም። ሽባውን፣ ሽባን፣ ባውን፣ ባን ብቻዋን፣ እነዚህን አራቱን ደግመህ ቆጥረሃቸዋል። አውጣቸው።

መሳፍንት፦ [በጣቱ እየቆጠረ] አሥራ... ሁለት። ቆይ ግን፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ምንም ያልጎደለበት ነው።

ሽባባው፦ እሱ መታወቂያዬ ላይ አለ። እሱም ባጋጣሚ ነው።

መሳፍንት፦ አንዱ ደግሞ ባዶ ነው፤ ፊደሉ ሁሉ የወደቀበት።

ሽባባው፦ እሱንስ ተወው፤ የማዳበሪያ ዝርዝር ላይ እንደዚያ ነው የተጻፍሁት።

መሳፍንት፦ [ተናዶ ኪቦርዱን እየደበደበ] እንግዲያው አንዱን ብቻ! ደቂቃም አይፈጅብኝም! [ያትማል] ይኸው፣ ስምዎ እንደ ብርሃን ቁልጭ ብሎ!

ሽባባው፦ [ወረቀቱን አርቀው ይዘው በጣታቸው እየተከተሉ] ሽ... ባ... ባ... ባ... ው።

[ደጅ ላይ የጋሪ ፈረስ ያስነጥሳል።]

መሳፍንት፦ ይሄ... ይሄማ ከቀመሩ ውጭ ነው። ቀመሩ የሚጎድለውን እንጂ የሚተርፈውን አይቆጥርም። ያምጡት፣ ላስተካክለው።

ሽባባው፦ የለም፣ እንዳትነካው! [ወረቀቱን አጥፈው ብድግ ይላሉ] ጽሕፈት ቤቱ አንዲት ባ ጎድላው የለ? ከዚህ አንስቶ ይለጥፋታ!