ለቴሌቪዥን የተጠረገ ጨፌ

ቴሌቪዥን ወደ እኛ አገር ሲመጣ ከሁሉ ያስቀየመን ነገር ሰላምታ አለማወቁ ነው። በምዕራብ ጎጃም ሰው ከሰው ሲገናኝ ወሬ ከመጀመሩ በፊት የሚሄደው መንገድ አለው። እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆች ደኅና ናቸው፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ፣ ዝናቡስ እንዴት ያደርጋችኋል እየተባለ፣ ለሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን እየተመለሰ፣ ጉዳይ ይዞ የመጣው ሰው ራሱ ምን ሊል እንደመጣ ሊረሳው ምንም አይቀረው። ቴሌቪዥኑ ግን «ጤና ይስጥልን» ይልና መልሱን ሳይጠብቅ የሩቅ አገር ጦርነት ያወራል። ባለጌ ነው ብለን ነበር። ብለን ብለን ግን ለመድነው፤ ለምደነውም አልቀረንም፣ ዳኛ አደረግነው። ዱሮ አንድ ሰው አንድ ነገር ሆነ ቢል «ማን አየ?» ይባልና እማኝ ይቆጠራል፣ እማኙም የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱም በሐሰት ምሎ ያውቅ እንደሆነ ይመረመራል። አሁን «በቴሌቪዥን አየሁት» ካላችሁ ነገሩ አበቃ። ሳይጠራ የሚመሰክር፣ ሳይምል የሚታመን እማኝ እሱ ብቻ ነው።

ይህን የምላችሁ በሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ የማወራላችሁ ጉድ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት። ግንባሩ አገር በሚገዛበት ዘመን ፍኖተ ሰላም ላይ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የትውልድ መንደሬ ግን ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ከዝግባ ጨፌ አጠገብ። ዝግባ ጨፌ ክረምት ከበጋ ሣር የማያጣ ረባዳ ሜዳ ነው። የማንም አይደለም፤ ስለዚህም የሁሉም ነው። መንደሩ በሙሉ ከብቱን የሚያሰማራው እዚያ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጨፌው ለእትዬ አንጓች ነፍሳቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሬ ስለሌላቸው ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል፤ የሚኖሩት ሸጊት በምትባል በአንዲት ላም ነው። ሸጊት የምትኖረው በጨፌው ነው። ጨፌው ከሄደ ሸጊት ትሸጣለች፣ ሸጊት ከተሸጠች ደግሞ እትዬ አንጓች ፍኖተ ሰላም ገብተው ከምራታቸው ቤት ሊቀመጡ ነው። እትዬ አንጓች ሞትን የሚፈሩ ሴት አልነበሩም፤ የሚፈሩት የምራታቸውን ቤት ነው።

እንግዲህ የወረዳው ሰዎች ጨፌው ለአበባ እርሻ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው ነገሩን። የመንደሩ ትልቅ ሰው አያ አንማው «አበባ ደግሞ ማን ይበላዋል?» አሉ፤ በልባቸው የሚበላው ማን እንደሆነ ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም።

በዚያው ሰሞን ነው፣ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቡሬ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ሩቅ አገር ነባር ሕዝቦች የተሠራ ዝግጅት በቴሌቪዥን ያየነው። ላባ ራሳቸው ላይ የሰኩ ሰዎች መንገድ መሐል ተቀምጠው፣ መሬታቸውን ሊያርስ የመጣውን ማሽን አናሳልፍም እያሉ ይዘፍናሉ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያ አንማውም የፈረስ ጭራቸውን እያወዛወዙ ስለ ላባው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሰው የሌላውን ጌጥ አይቶ ሲስቅ በእጁ የያዘውን አያይም።

ኋላ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ወደ መሬቱ እያመለከተ፣ አባቶቹ የተቀበሩት እዚያ እንደሆነ ሲናገር ግን ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። ቋንቋውን አናውቀውም፤ የሽማግሌ ንግግር ግን በአስተርጓሚም ቢሆን ያስታውቃል።

«ይኸ ሰው እውነቱን ነው» አሉ አያ አንማው። «ነባር ማለት ምንድር ነው መምር?»

«ከሁሉ አስቀድሞ እዚያ የነበረ ማለት ነው» አልኋቸው።

እትዬ አንጓች ገበያ የሸጡበትን የቅቤ ቅል ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ «ይኸን ችግራቸውን እስከዚህ ድረስ ያመጣላቸው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጋዜጠኛ ነው አልኋቸው። «በል እንግዲያ አንተም አምጣልን» አሉ።

አመጣሁ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ባሕር ዳር ጋዜጠኛ ነበር፤ ደብዳቤ ጻፍሁለት። ደብዳቤው ላይ «የሕዝብ ድምፅ» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ እንዳስገባሁ ትዝ ይለኛል። ከወር በኋላ፣ ነገ ለሌላ ሥራ በዚያ ሲያልፍ ግማሽ ቀን እንደሚሰጠን ላከብኝ። እኔም ለመንደሩ ላክሁ፤ በማግስቱ ከፍኖተ ሰላም በመኪናው ተሳፍሬ አብሬው ሄድሁ።

አሁን ልብ አድርጉልኝ። በእኛ መንደር ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ጨፌው ይጠረጋል። ጳጳስ ሲመጡ ተጠርጓል፤ የሩቅ አገር ሙሽራ ስትገባ ተጠርጓል። ከብቱ ከማለዳ ጀምሮ ወደ ተራራው ይነዳል፣ እበቱ በቅርጫት ይለቀማል፣ ሰው ያለውን ነጭ ይለብሳል። እንግዳ እበት ረግጦ ሄደ ከሚባል መንደሩ ቢቃጠል ይሻላል። ታዲያ ቴሌቪዥንን የሚያህል እንግዳ መጥቶ ያውቃል?

ስንደርስ ጨፌው እንደ ሠርግ ቤት ግቢ ጸድቷል። አንዲት ጥጃ የለችም። አንዲት እበት የለችም። ሰዉ ነጭ ለብሶ በዕድሜው ተራ ተሰልፏል። እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ጊዜ የእኔም ደረት በኩራት ተነፋ። ስለ መሬት አጠቃቀም ስንት ዓመት ያስተማርሁ ሰው፣ ነገሩ እንዴት እንደሚታይ ለአፍታ እንኳ አልታሰበኝም።

ጋዜጠኛው ወዲያ ወዲህ አየና «ከብቶቹስ?» አለ።

አያ አንማው ልጃቸው ለሚሆን ሰው ጎንበስ ብለው «አይሥጉ፣ አንዲትም አትደርስብዎ» አሉት።

ከዚያ ንግግር ሆነ። ንግግሩን የሚያደርጉት አያ አንማው እንደሆኑ አስቀድሞ ተመክሮበታል። አያ አንማው እንደ ደንቡ ከምስጋና ጀመሩ። እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ዝናቡን አመሰገኑ። እንግዳውን፣ የእንግዳውን እናት፣ ካሜራ የተሸከመውን ሰው አመሰገኑ። ስለ መንገዱና ስለ ጤና ጣቢያው መንግሥትን አመሰገኑ፤ አቤቱታ ያለው ሰው አስቀድሞ ካላመሰገነ ጠበኛ ይባላላ! በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ወደ ነገራችን ስንገባ…» ሲሉ ካሜራ የያዘው ሰው ካሴቱ አለቀ አለ። ጋዜጠኛው በቂ ነው ብሎ ጨበጣቸውና መኪናው ውስጥ ገባ። ነገሩን አንድ ጊዜ ለይተው ሊናገሩ ይችሉ የነበሩት እትዬ አንጓች ያን ሁሉ ጊዜ ተራራው ላይ ነበሩ፤ የመንደሩን ከብት እንዳይወርድ የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ ነጭ ልብስ ስላልነበራቸው እሳቸው ተመርጠዋል።

ዝግጅቱ የተላለፈ ዕለት ያንኑ ሻይ ቤት ሞላነው። አያ አንማው ከነፈረስ ጭራቸው ብቅ ሲሉ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ዝናቡን ሲያመሰግኑ አጨበጨብን፤ መንግሥትን ሲያመሰግኑም አጨበጨብን። ካሜራው ሜዳውን አልፎ ተራራውን ሲያሳይ እትዬ አንጓች «ያቻት፣ ጥቁሯ ነጠብጣብ እኔ ነኝ፤ ቀዩዋ ሸጊት ናት» ብለው ለጎረቤታቸው አሳዩ። ይህን ጊዜ ነው ያ የቴሌቪዥኑ የሚያምር ድምፅ፣ ኑሯቸው የተመቸ አርሶ አደሮች ባሉበት በዚህ ቀበሌ ጦሙን የሚያድር ሰፊ ለም መሬት አልሚ እየጠበቀ ነው ያለው።

አንዱ «ይዋሻል እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ችግሩ አለመዋሸቱ ነበር። ሜዳው ባዶ ነበር፤ ባዶ ያደረግነው እኛው ነን። እትዬ አንጓች ተነሥተው ወጡ። ተከትዬ ልወጣ ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥሁ።

ባለሀብቱ ከወረዳው የመሬት ሹም ጋር ሜዳውን ሊያይ እንደሚመጣ የተሰማው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። መንደሩ ተሰበሰበ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም አያ አንማው ጨፌው ይጠረግ አሉ። እንግዳ እንግዳ ነው፣ ጠላትም ቢሆን በእበት አይቀበሉትም፣ አባቶቻችን እንዲህ አላስተማሩንም አሉ። ከፊሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔ ልናገር ስነሣ እትዬ አንጓች ቀደሙኝ።

«አያ አንማው፣ በእርስዎ ፊት መናገሬን ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «እንግዳ የሚባል ሲመሽ ወደ ቤቱ የሚሄደው ነው። ይኸ እኮ ሊቀር ነው የሚመጣ።»

አያ አንማው «ከብቱ ይዋል» አሉ። ስድሳ ዓመት የያዙትን ደንብ በሁለት ቃል መተዋቸው ምን ያህል እንደከበዳቸው ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ጨፌው ከዳር እስከ ዳር ከብት ነበር። ሹሙ ከመኪና ወርዶ አንድ ሁለት ከተራመደ በኋላ ጫማው እበት ውስጥ ሰመጠ። እግሩን ነቅሎ ከብቱን አየ፣ እኛን አየ፣ ተቆጣ።

«ይኼ ሁሉ ከብት ከየት መጣ? በቴሌቪዥን አልነበረም እኮ!»

የሁልጊዜ ከብታችን ነው አልነው። ልማት ለማደናቀፍ ከየጎረቤት ቀበሌው ተውሳችሁ ያመጣችሁት ነው አለ። እናንተ ሆይ፣ ሰውየው እበት ውስጥ ቆሞ ነው ይህን የሚለው። አፍንጫው የነገረውን፣ እግሩ የነካውን፣ ዓይኑ ያየውን ትቶ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ሳጥን ውስጥ ያየውን ያምናል። እኔ ስለ ነባር መብት በቃሌ ያጠናሁት ነገር ነበረኝ፤ አንዱም ከአፌ አልወጣም።

እትዬ አንጓች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉና፣ «የተዋሱት ከብት ስሙን ሲጠሩት ይመጣል ወይ ጌታዬ?» አሉት። መልሱን አልጠበቁም። ጮክ ሳይሉ፣ ልጅ ከጓዳ እንደሚጠራ፣ «ነይ ሸጊት፣ ነይ» አሉ። ከሜዳው መሐል አንዲት ቀይ ላም ቀና አለች። ጥቂት አሰበች። ከዚያ በባለሀብቱና በሹሙ መካከል ሰንጥቃ አልፋ መጥታ አፍንጫዋን እትዬ አንጓች ክንድ ሥር ሸጎጠች።

ያን ያየ ሁሉ የራሱን ጠራ። ቦራ! ጉራች! ዳልቻ! ከብቱ ከየአቅጣጫው ወደየጌታው ሲተራመስ ሹሙ የአያ አንማውን ትከሻ ጥብቅ አድርጎ ያዘ፤ አያ አንማውም «አይሥጉ» ይሉታል። ባለሀብቱ መሐል ላይ ቆሞ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሱሪውን እያራገፈ ለሹሙ፣ «ባዶ ነው ብላችሁኝ ነበር እኮ፤ ይኼ ሰው ያለበት ቤት ነው» አለውና ወደ መኪናው ተመለሰ። ዳግም አልመጣም። እትዬ አንጓች ያን ዕለት ከሸጊት አንገት ላይ እጃቸውን ሳያነሡ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ እንዳለቀስሁ ብደብቅ ማን ያውቅብኝ ነበር?

ለጋዜጠኛው ወዳጄ ደውዬ ይህንንም ቅረጽ ስለው፣ ያልተወሰደ መሬት ዜና አይሆንም አለኝ።

ዓመት አልፎ፣ በገበያ ቀን ያንኑ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ያ ባለሀብት በቴሌቪዥን ብቅ አለ። አበባውን ትቶ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ሊያመርት ነው። ዘመድ እንዳየን ደስ አለን። ከኋላው ዓይን እስኪደክም የሚሄድ ሣርና ዛፍ ይታያል። ያ የሚያምር ድምፅ ደግሞ፣ ሰው ሰፍሮበት የማያውቅ ድንግል መሬት ይላል። አንዱ ስለ ቆላ ሰዎች የተለመደውን ቀልድ ጣል አደረገና ቤቱ ሳቀ።

እትዬ አንጓች አልሳቁም። «መምር፣ እዚያ ሰው የለም?» አሉኝ።

አለ። ማን እንደሚኖርበት፣ ምን እንደሚያርስ፣ ከማን አስቀድሞ እንደነበረ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ እኔ ነኝ። «አለ እንጂ» አልኋቸው፣ ሳቄን ሳልጨርስ።

«ታዲያ የት ሄደው ነው?»

ምስሉን አዩና ራሳቸው መለሱት።

«እንግዳ ይመጣል ተብለው ነዋ» አሉ።