የእማማ የሺ ጣት ዕረፍት

በር የሚሠራ ሰው ሜትር ቢይዝም መጀመሪያ የሚለካው ራሱን ይመስለኛል። አጭሩ አናጢ የሠራውን በር ረጅሙ እንግዳ በግንባሩ ያገኘዋል። ጥፋተኛውም እንግዳው ነው፤ «ጎንበስ አትልም ወይ?» ይባላል። እናንተስ ግንባራችሁን እያሻችሁ በሩን ወቅሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። በሩን መውቀስ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርሁት ሙያ ነው። ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የተሠራ መግቢያ ልጅ ላዘለችውም፣ ሸክም ለያዘውም ይመቻል። ማሽንም እንደዚሁ ነው፤ ለሚቸገረው ታስቦ ከተሠራ ለማይቸገረው ይቀልለዋል። አራት ዓመት የተማርሁት ይህችኑ ነው።

ይህን ከዓመታት በፊት የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ሳለሁ በጥናት ጽፌ ለአለቃዬ ሰጥቼ ነበር። «የገበሬ መመዝገቢያው በጣት አሻራ ብቻ አይሁን፣ ሁለተኛ በር ይኑረው» የሚለውን ገጽ «ቅንጦት» ብሎ በቀይ ሰረዘው። የቀረውን በራሱ ስም አቀረበና ሹመት አገኘበት። እኔ ዛሬ ወረታ ከተማ ሱቅ ከፍቼ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ። ቂም የለኝም። ሱቄ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ግን አይሸጥም።

ባለፈው ክረምት የጣት አሻራ ማሽኑ ከሱቄ አጠገብ ካለው የግብርና ቢሮ ገባ። ማዳበሪያ የሚፈልግ ገበሬ ጣቱን መስተዋቱ ላይ ያስቀምጣል፤ አረንጓዴ ከበራ ተመዘገበ፣ ቀይ ከበራ የለም። ከአባቴ የወረስኋት አንድ ጥማድ መሬት አለችኝና እኔም ሞከርሁ። ገና ሳልነካው በራ ማለት ይቻላል። ወረቀት ከመግለጥ በቀር ሥራ የማያውቅ ጣት ማሽኑን ደስ ሳይለው አይቀርም።

ከኋላዬ እማማ የሺ ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሩዛቸውን ብቻቸውን የሚያርሙ ሴት። አውራ ጣታቸው፣ ቀይ። ሌባ ጣታቸው፣ ቀይ። ዐሥሩም ተዳረሱ። ነሐሴ ነው፤ በነሐሴ የፎገራ ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያርማል፣ የሩዙ ቅጠል ደግሞ እንደ ሞረድ የጣትን መስመር ይፍቃል። እሳቸው ከሰው ሁሉ ቀድመው አረም ጀምረዋል።

የምትመዘግበው ባለሙያ ከሌላ ዞን የመጣች ደግ ልጅ ናት።

«እናቴ፣ መዝገቡ የሚዘጋው በሚመጣው ዓርብ ነው። እስከዚያ እጅዎን ያሳርፉት፣ መስመሩ ይመለሳል» አለቻቸው።

«አረሙንስ ማን ያርመዋል?»

«እሱን እንግዲህ...»

«እጄን ካሳረፍሁማ ማዳበሪያውን የምሰጠው ለአረሙ ነው።»

ሰልፉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ያለ ማዳበሪያ ያ ሩዝ የዓመት ቀለብ አይወጣውም።

መፍትሔው የመጣው ከቢሮው አይደለም። ስድስት ጎረቤቶቻቸው፣ አረም ሳይገቡ ተመዝግበው የነበሩ፣ ወንፈል ገቡላቸው፤ ማሳቸውን ተከፋፍለው ከራሳቸው ማሳ ጋር ያርሙላቸው ጀመር። ለታመመ ሰው፣ ለወለደች ሴት ወንፈል ሲወጣ አይቻለሁ። ለጣት ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። እማማ የሺም እጃቸውን ቅቤ ተቀብተው ሳምንቱን ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ።

«ጣትዎ እንዴት አደረ?» ይላቸዋል አላፊው።

«ተመስገን፣ እህል መቅመስ ጀምሯል።»

ዓርብ ቀን አረንጓዴ በራ። በማግስቱ ማዳበሪያው ደረሰና የሚወስድ ሁሉ እንደገና ጣቱን ያሳይ ተባለ። እማማ የሺ ወዲያው ተሰጣቸው። ስድስቱ ጎረቤቶች ግን ሳምንቱን ሙሉ የሁለት ሰው አረም ሲያርሙ የከረሙ ናቸው። ቀይ። ቀይ። ስድስት ጊዜ ቀይ።

እማማ የሺ የተሰጣቸው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

«እነዚህ ሳይወስዱ አልነሣም። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ምስክር ነኝ፣ ጻፊኝ።»

ባለሙያዋ ማሽኑንም እሳቸውንም ደጋግማ አየች። በመጨረሻ ደብተር አወጣችና በምስክር መዘገበቻቸው። ስድስቱም ተሸክመው ሄዱ።

ሁለተኛው በር ይኸው። የተሰረዘው ገጼ ከነነፍሱ ፊቴ ቆመ። ለአንድ ሰው ካልተናገርሁ የምፈነዳ መሰለኝና እማማ የሺን ተከትዬ ወጣሁ።

«ይህን እኔ ከዓመታት በፊት ‹ማሽኑ ሁለተኛ በር ይኑረው› ብዬ ጽፌው ነበር» አልኋቸው።

«ለማን?»

«ለአለቃዬ። ሰረዘው።»

«ለእኛስ መጥተህ ነግረኸን ነበር?»

«አይ።»

«ማሳ ወርደህ ጣታችንን አይተኸው ነበር?»

ለስላሳ ጣቶቼን ኪሴ ከተትሁ።

«እኔ ማንበብ አልችል፣ እሱ ማንበብ አልፈለገ። ልጄ፣ አንተም የሠራኸው በር አንድ ብቻ ነዋ» አሉና ጆንያቸውን አህያ ላይ አስጫኑ።

ወደ ሱቄ የተመለስሁት ግንባሬን እያሸሁ ነው።